ማጀትና ማሳ

የግብርናን ትምህርት ሊማር ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባ ወጣት የዕረፍት ጊዜውን በወጥ ሥራ ሲያሳልፍ፣ ያገኛትን ጥቂት ገንዘብ ለሽንኩርትና ለኮረሪማ ሲያወጣ፣ ሲመረቅም ከባልንጀሮቹ ጋር መሬት ይዞ በአንድነት ለማረስና ከአንድ ማእድ ለመብላት ማሰቡን ሲናገር የሚሰማው ሰው፣ ወላጅ እንደ ሆነ ያዝናል፣ ጓደኛ እንደ ሆነ ይስቃል፣ መምህር እንደ ሆነ ደግሞ ድስቱን ለበዓል ቀን አቆይቶ ወደ መጽሐፉ እንዲመለስ ይመክረዋል። እኔ ግን ነገሩን በጥሞና ስመረምረው ይህ ወጣት ከመካሪዎቹ ይልቅ ለትምህርቱ ፍሬ ነገር የቀረበ ሆኖ አገኘሁት። ማብሰልን መውደዱና በኅብረት ማረስን መመኘቱ አንዱ ከሌላው የሚወለድ ዐሳብ እንጂ ሁለት የተለያየ ምኞት አይደለም፤ የትምህርት ሥርዓታችንም ማጀትን ከማሳ በመለየቱ ሁለቱንም ጎድቷል ብዬ አምናለሁ።

በቅርብ የማውቀው አንድ እንዲህ ያለ ወጣት የዕፀዋት ሳይንስ ተማሪ ነው። በዩኒቨርሲቲው የመመገቢያ አዳራሽ መብላቱን ትተው የቀለባቸውን ገንዘብ በእጃቸው ከሚቀበሉት፣ ተማሪዎቹ በልማድ ነን ካፌ ከሚሏቸው ወገን ስለ ሆነ፣ ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ በከሰል ምድጃ ላይ የሚያበስለው እርሱ ነው። ሽሮውን ከሱቅ አይገዛም፤ እናቱ እንዳስተማሩት ሽምብራውን፣ አተሩንና ባቄላውን ለቅሞ፣ ቆልቶና ከክቶ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከበሶብላውና ከኮረሪማው ጋር አዋሕዶ ያስፈጫል እንጂ። በዚህም ሥራ ላይ ሳለ በመማሪያ ክፍል ያላገኛቸው ጥያቄዎች ይመጡበት ጀመር፤ ይኸውም ከአንዱ ገበያ የመጣው ሽምብራ በጥቂት እሳት ሲበስል፣ ከሌላው የመጣው ቀኑን ሙሉ ቢቀቀል የማይለሰልሰው በዘሩ ነውን፣ በበቀለበት አፈር ነውን፣ ወይስ በጎተራ በቆየበት ዘመን ብዛት ነውን እያለ መምህራኑን መጠየቅ ያዘ። ሦስቱም ምክንያቶች እውነተኞች እንደ ሆኑ የሙያው ሊቃውንት ያውቃሉ፤ ነገር ግን ጥያቄውን የወለደው ድስቱ መሆኑን ልብ ልንለው ይገባል።

የእንጀራም ነገር ከዚህ የሚያንስ አይደለም። ካለፈው ቡኮ የተጠበቀው እርሾ አዲሱን ሊጥ ሲያስነሣው፣ ሁለት ሦስት ቀን ከተብላላም በኋላ ጥቂቱ ተቀንሶ በፈላ ውሃ አብሲት ሆኖ ሲመለስበት፣ በዐይን የማይታዩ ደቂቅ ሕዋሳት በሙቀትና በጊዜ ልክ የሚሠሩት ሥራ አለ፤ ይህንንም ሥራ በየሳምንቱ የምትመራ እናት የጤፉን አዲስነትና አሮጌነት፣ የወቅቱን ብርድና ሙቀት በእጇና በአፍንጫዋ ለይታ የውሃውን ልክና የመጋገሪያውን ሰዓት ትወስናለች። ለዚህ ሊቅነት ማዕርግ የሰጠ ጉባኤ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ሆኖም ማእዱ ማሳውን እንደሚያዝዝ ከራሳችን የጤፍ ምርምር ታሪክ የሚገኘው ምስክርነት የማያሻማ ነው።

በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማእከል የሚሠሩ ሊቃውንት ዱከም የተባለውን የጤፍ ዝርያ ባወጡ ጊዜ ምርቱ ከፍ ያለ ነበር፤ ነገር ግን የፍሬው ንጣት ገበያው ከሚሻው ደረጃ ስላልደረሰ እንደ ታሰበው ሳይስፋፋ ቀረ። ከእርሱ አስቀድሞ የወጣው ማኛ ደግሞ ፍሬው እጅግ ነጭ፣ በገበያም የተወደደ ሆኖ ሳለ ምርቱ አነስተኛ ነበር። የጤፍ አበባ ደቂቅ ስለ ሆነና ማለዳ ላይ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚከፈት ሁለት ዝርያዎችን ማዳቀል ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ቢሆንም፣ ተመራማሪዎቹ የአንዱን ምርታማነት ከሌላው ንጣት ጋር አስተባብረው ቁንጮ የተባለውን ዝርያ በ1998 ዓ.ም. ለማውጣት በቁ፤ ገበሬውም ፈጥኖ ተቀበለው። ስለዚህ ሊቃውንቱ ማዳበሪያና ዝናብ የማይፈቱትን እንቅፋት ያለፉት የጋጋሪዋንና የተመጋቢውን ፈቃድ ከቁም ነገር በቈጠሩ ጊዜ ነው። እርግጥ ማእድም ይሳሳታል፤ ቀይ ጤፍንና ሰርገኛን ከባለጠጋ መሶብ አርቆ የድኻ እህል ያሰኛቸው ይኸው ንጣትን የማምለክ ልማድ ነበርና። ነገር ግን ማእድ የሚሳሳት ከሆነ ማእዱን የሚያርም የተማረ ምግብ አብሳይ ያስፈልገናል እንጂ፣ ማጀቱን ለተሳሳተ ልማድ ትተነው መሄድ አይገባንም።

ይህን ካልኩ ዘንድ የዘሩን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በ1968 ዓ.ም. በጀርመን መንግሥት እርዳታ በአዲስ አበባ የተቋቋመውን የዕፀዋት ዘር ማከማቻ ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ የአገር ዘር ከማከማቻው በተጨማሪ በገበሬው እጅ በየዓመቱ እየተዘራ መጠበቅ እንዳለበት ያስተማሩና ለዚህም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉ ሰው ናቸው። ገበሬው ግን አንድን ዘር ከዘመን ወደ ዘመን የሚያሳልፈው ለመዝገብ ብሎ አይደለም፤ ይህ ማሽላ ለእንጀራ፣ ያኛው ለቂጣ፣ ሌላው ለጠላ፣ ሌላው ደግሞ በእሸትነቱ ተጠብሶ ለመበላት ይሆናል ተብሎ በማጀት ስለሚለይ ነው። የሚያበስለው የጠፋ ዘር ከማሳም ይጠፋል። ጾማችንም ቢሆን በዚህ ረገድ ያደረገልን በጎ ነገር ብዙ ነው፤ የ55 ቀኑን ሁዳዴ፣ ረቡዕንና ዓርብን የሚጾም ሕዝብ ከሽምብራ፣ ከምስር፣ ከባቄላና ከአተር ልዩ ልዩ ወጥ ለማውጣት ሲደክም፣ ባቄላውን ከሰናፍጭ ጋር አብላልቶ ስልጆ ሲያደርግ፣ እነዚህ ጥራጥሬዎች በሥሮቻቸው ናይትሮጅንን ለአፈሩ እየመለሱ ጤፍና ስንዴ ያደከሙትን መሬት ሲያሳርፉት ኖረዋልና። የሰብል ማፈራረቅን ትምህርት ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው ይህን ሰንሰለት ግማሹን ብቻ ያያል።

ወጣቱን በይበልጥ የሚያስጨንቀው ግን ወንድ ሆኖ በምጣድ ፊት መቆሙ ነው። ወላጆች ልጃቸውን ወጥ ሠሪ እንዲሆን አላስተማርነውም ሲሉ የሚሰማቸውን ኀዘን አልንቅም፤ ድካማቸውም እውነተኛ ነው። ነገር ግን ይህ ነውር ከሃይማኖት የመጣ አለመሆኑን ሊያውቁት ይገባል። በአንድነት ገዳም የሚኖሩ አባቶች ጸሎትንና ተግባረ እድን አንድ ላይ ይዘው፣ ርስቱን በጋራ አርሰው፣ ከአንድ ማእድ የሚበሉ ናቸው፤ ሴት በማይገባባቸውም ገዳማት የሚፈጩት፣ የሚያቦኩትና የሚጋግሩት እነርሱው መነኰሳቱ ናቸው፣ ቀለቡን የሚያስተዳድረውም መጋቢ በማኅበሩ ዘንድ ክብር ያለው ሹም ነው። በዋልድባ እህል ሳይቀምሱ ቋርፍ ተመግበው የሚኖሩት አባቶች ያንን ምግብ የሚያዘጋጁት በእጃቸው ነው። በደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ ወረዳ የሚገኘው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ደግሞ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. ከመሠረቱት ጀምሮ ወንዱ እንጀራ ሲጋግር፣ ሴቲቱ ሞፈር ስትጨብጥ የሚታይበት፣ የሥራውም ፍሬ በጋራ የሚከፈልበት መንደር ሆኖ ይኖራል፤ መሬታቸው ጥቂት ስለ ሆነ ሽመናንና ወፍጮን ጨምረው መተዳደራቸውም በኅብረት ለማረስ ለሚያስብ ወጣት ትልቅ ምክር ነው። ማሳ ብቻውን የማይበቃ በሚሆንበት ጊዜ እህሉን ወደ ምግብ የሚለውጥ እጅ ማኅበሩን ሊያቆመው ይችላልና።

የኅብረት እርሻ ሲባል ግን በዕድሜ የገፋነው ሁሉ የምናስታውሰው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱን ሸፍኖ ማለፍ ወጣቶቹን ማታለል ይሆናል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ፣ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ በየገጠሩ ተሰማርተው ነበር፤ በልባቸው የነበረው ፍቅረ ሕዝብም በእውነት የሚከበር ነው። በኋላ ግን የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከላይ በሚወርድ ትእዛዝ ሲደራጁ፣ ገበሬው በሬውንና መሬቱን ወዶ ሳይሆን ፈርቶ ስላዋሐደ፣ የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ በ1982 ዓ.ም. በታወጀ ማግሥት አብዛኞቹ በአባሎቻቸው ፈቃድ ፈረሱ። በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን፣ በዚያውም ገበሬ ዘንድ ደቦ ግን አልፈረሰም። ምክንያቱን ለሚመረምር ሰው መልሱ በማጀት ይገኛል፤ ደቦ የሚጠራ ሰው ወዳጆቹን ከመጥራቱ አስቀድሞ ጠላውን ያስጠምቃል፣ ንፍሮውን ያስቀቅላል፣ እንጀራውንም በመሶብ ሙሉ ያዘጋጃል፤ የመጣውም ሰው የሚሠራው በቁጥር ተመዝግቦ ለሚሰጠው ነጥብ ሳይሆን፣ በክብር ተቀብሎ ለሚያበላውና በተራው መጥቶ ለሚያግዘው ጎረቤቱ ነው። ወንፈልም ቢሆን በመተማመን የሚቆም የሥራ ብድር ነው። ስለዚህ በኅብረት ለማረስ የሚሻ ወጣት አስቀድሞ ማብላትን ማወቁ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአገራችን ኅብረት የሚጠነክረው በማእድ ነውና።

እውነት ነው፤ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። ከኦክላሆማው የግብርና ኮሌጅ ጋር በ1944 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት መሠረት በዓለማያ በተተከለው የግብርና ኮሌጅ አጠገብ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ፣ በ1990ዎቹ ዓመታት ማብቂያ ላይ ወደ ደረቅ ሜዳ ተለውጦ ነበር። ደለሉ ሲሞላው፣ የከተማ ቧንቧ ሲቀዳው፣ ገበሬውም ለጫቱና ለአትክልቱ እያንዳንዱ በየፊናው በሞተር ሲስበው፣ ሁሉም የየራሱን ድርሻ ብቻ ስላሰበ የሁሉም የሆነው ውሃ ጠባቂ አጣ። ከአንድ ምንጭ የሚጠጡ ሰዎች ውሃውን የሚያካፍል ሕግና የሚያስከብር አባት ከሌላቸው፣ ፍቅራቸው የቱንም ያህል ቢሆን ማሳቸው አይዘልቅም።

እንግዲህ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የምጠይቀው ሊፈጸም የማይችል ነገር አይደለም። ብዙዎቹ ሰፊ ግቢ አላቸው፤ ከዚያም ውስጥ ጥቂቱን መሬት ከሚያዝያ በፊት ለክተው ፈቃደኞች ለሆኑ ተማሪዎች ይስጡ፤ ከማሳውም አጠገብ ምጣድና ምድጃ ያለው የጋራ ማጀት ያኑሩ፤ የዕፀዋትና የምግብ ሳይንስ መምህራንም ተማሪው የዘራውን እስኪያበስለውና እስኪቀምሰው ድረስ ያለውን ሥራ በሙሉ እንደ አንድ ትምህርት ቈጥረው ዋጋ ይስጡት። ሙያውን ከእናቶች የሚሻል የሚያስተምር ስለማይገኝ፣ በየአካባቢው በስልጆ፣ በቆጮ፣ በጠላ ሥራ የታወቁ ባልቴቶች ተከፍሏቸው በመምህርነት ይጋበዙ፤ ይህን ስል በእንግድነት ለአንድ ቀን ታይተው እንዲመለሱ ሳይሆን፣ እንደ ማንኛውም መምህር ክፍል ተሰጥቷቸው እንዲያስተምሩ ነው። የሌማት ትሩፋት የተባለው በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው መርሐ ግብር ስለ ወተትና ስለ እንቁላል፣ ስለ ማርና ስለ ዶሮ ብዙ ትኩረት ስቧል፤ ሌማቱን የሚያዘጋጀው ሰው ዕውቀት ግን ገና ቦታውን አላገኘም።

የተማሪዎቹ መመገቢያ አዳራሽ ደግሞ በየቀኑ ሽንኩርት፣ ጎመንና ቲማቲም የሚገዛ ደንበኛ ስለ ሆነ፣ ከእነዚሁ ወጣቶች ማሳ በገበያ ዋጋ እንዲገዛ ቢደረግ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። መሬት በሕገ መንግሥቱ መሠረት የማይሸጥ ቢሆንም፣ ተመራቂዎቹ በኋላ ከገበሬው በኪራይ ውል ሊይዙት ስለሚችሉ፣ የውል አጻጻፍን፣ የውሃ ድርሻን፣ የኪሣራንም አከፋፈል በዚሁ በግቢው ማሳ ላይ ሳሉ ሊለማመዱት ይገባል። ለተማሪዎቹ የሚሰጠው የመሬት ውል ከሦስት ዓመት ያላነሰ ይሁን፤ ፍግ የገባበት አፈር ሙሉ ጥቅሙ በአንድ ክረምት አይታይምና። ከመካከላቸው በየዓመቱ የሚመረቁ ስለሚኖሩም፣ የሚወጡት ለሚገቡት የዘሩን መዝገብ፣ የመሣሪያውን ዝርዝርና የሒሳቡን ደብተር በሰኔ የሚያስረክቡበት ሥርዓት አስቀድሞ ይጻፍ፤ አዲሶቹ ተማሪዎች ወደ ግቢው የሚደርሱት መኸሩ ከተዘራ በኋላ ስለ ሆነ፣ በሐምሌና በነሐሴ አረሙን የሚያርም ሰውም ከወዲሁ ይሰየም።