የገንዲ ተባይ በቁመቱ አይገመትም

አንባቢ ሆይ! በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ የሚግጡትን ከብቶች ቢያዩ፣ የቆላው የገንዲ በሽታ ከዚህ አገር ምን አገናኘው ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ገንዲን የሚያዛምተው ጼጼ የተባለው ዝንብ እንደ እንጅባራ ያለውን ብርዳም ደጋ አይወድም። ነገር ግን ከዚያው ከአዊ ምድር ሳይወጣ ወደ ጃዊ ቆላ የወረደ በሬ ከዝንቡ ጋር ይገናኛል። የተያዘ እንደሆነ ከስቶ፣ ፀጉሩ ቆሞ፣ ደሙ አንሶ ይመለሳል።

የበሽታው ምክንያት ትሪፓኖሶማ የሚባል በደም ውስጥ የሚዋኝ ተባይ ነው። ወገኑ ብዙ፣ ቁመቱም ልዩ ልዩ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህ ቦታ ቢከፈል፣ አንዱ ክፍል ማይክሮን ይባላል። የከብት ቀይ የደም ቅንጣት ወርዱ 5 ወይም 6 ማይክሮን ያህል ነው። ኮንጎሌንሴ የተባለው ተባይ ከ20 ማይክሮን እምብዛም አያልፍም። ቪቫክስ ከ20 እስከ 27 ይደርሳል። በእንግሊዝ ጦር ሐኪም በዴቪድ ብሩስ ስም የተጠራው ብሩሴ ደግሞ በአንድ ከብት ደም ውስጥ እንኳ አንዱ ቀጭንና ረጅም፣ ሌላው አጭርና ወፍራም ሆኖ ይታያል። ታይለሪ ግን ከ60 እስከ 70 ማይክሮን ይረዝማል፤ ከዚያም የሚያልፍ አለ።

እንግዲህ የትኛው ይፈራል? ትልቁ ነው የሚል ሰው ይሳሳታል። ታይለሪ ብዙውን ጊዜ ከብቱን ሳይጎዳ አብሮት ይኖራል። ከሁሉ አጭሩ ኮንጎሌንሴ ግን በሬውን ከቀንበር አውጥቶ ይጥላል። ቪቫክስንም ሌሎች ተናካሽ ዝንቦች በአፋቸው ከከብት ወደ ከብት ያሸጋግሩታል፤ ስለዚህ ጼጼ በሌለበት በጣና ዙሪያ ሳይቀር ተገኝቷል። ደገኛ ነኝ ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ይህን ልዩነት ማወቅ ለሊቃውንት ብቻ የሚተው ነገር አይደለም። የእንስሳት ሐኪም አንዲት ጠብታ ደም በማይክሮስኮፕ አይቶ፣ ከተባዩ ቁመት፣ ከመልኩና ከአካሄዱ ጎጂውን ከማይጎዳው ይለያል። በግምትና ባልተሟላ መጠን የሚወጋ መድኃኒት ግን ገንዘብ ከማባከኑም በላይ ተባዩን መድኃኒት ያስለምደዋል። በአገራችን በጊቤ ሸለቆ መድኃኒት የለመደ ኮንጎሌንሴ መገኘቱ የታወቀ ነው።

ስለዚህ ከብትዎ ከቆላ ተመልሶ ቢከሳ፣ መርፌ ከገበያ ከመግዛትዎ በፊት ደሙን ያስመርምሩ።