ውሻው ፎቶ ውስጥ፣ ዘበኛው ከፎቶ ውጪ

በዓል በመጣ ቁጥር ከቦሌ እስከ አያት አንድ ዓይነት ፎቶ ማኅበራዊ ሚዲያውን ያጥለቀልቀዋል። ቤተሰቡ በሐበሻ ልብስ ደምቆ ቄጠማው ላይ ተሰብስቧል። መሃል ላይ አራት ወይም አምስት ዓመት የሚሆነው ሕፃን የውሻ አንገት ላይ ተጠምጥሟል። ለውሻውም ጥለት ያለው ነጠላ ታስሮለታል። ከሥር «ሲያምሩ!» የሚል አስተያየት ይጎርፋል።

ፎቶው ላይ የማይታይ አንድ ሰው አለ፤ ገመዱን የያዘው ዘበኛ።

ውሸቱ እዚህ ላይ ነው። በገርጂና በሲኤምሲ ግቢዎች ያለው አብዛኛው ውሻ ቀን በሰንሰለት ይውላል፣ ማታ ይለቀቃል። የሚያበላው፣ በስሙ የሚጠራው፣ ሲታመም የሚያውቅለት ዘበኛው ነው። ባለቤቶቹ የሚያውቁት በጩኸቱ ነው። ዓመቱን ሙሉ እንግዳን እንዲጠላ የተደረገ ውሻ፣ ሌሊቱን ርችት ሲያስበረግገው አድሮ፣ ጠዋት እንግዳ በሞላበት ግቢ ሕፃን ታቅፎት ፈገግ እንዲል ይፈለጋል። ውሻ ግን ፈገግ አይልም። አፉን ከፍቶ ሲያለከልክ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ሲያጥፍ፣ ከንፈሩን ሲልስ፣ የዓይኑ ነጭ እስኪታይ ፊቱን ሲያዞር «ልቀቁኝ» እያለ ነው። ካሜራ ያነሳው ሰው ይህን «ደስታ» ብሎ ይለጥፈዋል።

ነገሩ የውሻ ምቾት ብቻ ቢሆን «ቅንጦት ነው» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግን በሰው ላይ ከሚከሰተው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ከተጠቂዎቹ 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። የሕፃን ፊት ደግሞ ከውሻ አፍ ጋር ትክክል ነው። ንክሻው ፊት ላይ ሲያርፍ ቫይረሱ ወደ አንጎል የሚሄድበት መንገድ ያጥራል። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

«ተከትቧል?» ሲባል መልሱ የታወቀ ነው፤ «ከግቢ አይወጣ፣ ከየት ያመጣዋል?» ማታ በሩ ሲከፈት ሹልክ የሚለው ግን ያው ውሻ ነው። በቦሌ መንገድ ዳር ታቅፎ የሚሸጠው ቡችላማ ብዙ ጊዜ መከተቢያ ዕድሜው፣ ሦስት ወር፣ እንኳን አልሞላውም። ለልጆች የበዓል ስጦታ ተብሎ ይገዛል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ካደገ በኋላ መንገድ ላይ ይጣላል። ክትባትም በማግስቱ አይሠራም፤ መከላከያው እስኪዳብር አንድ ወር ገደማ ይፈልጋል። ለዕንቁጣጣሽ ፎቶ የታሰበ ውሻ ሐምሌ መጨረሻ ላይ መከተብ ነበረበት። ዓለም ይህን በሽታ የሚያስበው ሴፕቴምበር 28 ነው፤ በአብዛኛው ዓመት የመስቀል ማግስት መሆኑ ነው። ቀኑ የሉዊ ፓስተር ሙት ዓመት ነው፤ አዲስ አበቤ ሰፈሩን በስሙ የሚጠራለት ያ ፓስተር።

«የፈረንጅ ነገር» የሚል አይጠፋም። ሉሉ የተባለው ትንሽ ውሻ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር የተነሳቸው ፎቶዎች ግን ከፈረንጅ አገር አልመጡም። ልዩነቱ ሉሉ አብሯቸው የሚኖር መሆኑ ነው። ለፎቶ ተብሎ ከሰንሰለት የተፈታ አልነበረም።

ውሻውን ፎቶው ውስጥ ማስገባት አያስቸግርም። እንግዳ ሳይመጣ፣ በማለዳ፣ ውሻው በለመደው ጥግ፣ ያለ ፍላሽና ያለ ነጠላ ይነሳ። ልጁ አይቀፈው፤ በመካከላቸው ውሻው የሚያውቀው አዋቂ ይቀመጥ። ወደ ካሜራ እንዲያይ ተብሎ የዶሮ ወጥ አጥንት አይሰጠው፤ የበሰለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል፣ ወጡን ያወፈረው ሽንኩርት ደግሞ ለውሻ መርዝ ነው። ለመሄድ ከፈለገ ይሂድ። ድንገት ከነከሰም ቁስሉን 15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ማጠብና ያኔውኑ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ እንጂ በርበሬ መነስነስ የለም።

በመካከል የሚቀመጠው አዋቂ ማን እንደሆነ ግቢው ሁሉ ያውቀዋል። እሱም አዲስ ልብሱን ለብሶ ከቤተሰቡ ጋር ይነሳ። ያኔ ገመድ የሚይዝ ሰው አያስፈልግም።