ተራ መጠበቅና የሰው ሐቅ



ኢስላም የሰውን ልጅ ሕይወት ከትልቅ እስከ ትንሽ የሚያስተካክል ዲን ነው። ስለ ፍርድና ስለ ንግድ እንዳስተማረን ሁሉ ስለ አቀማመጥና ስለ አጠጣጥ ሥርዓትም አስተምሮናል። በዛሬው ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ከትንንሾቹ የሚቆጠር ነው፤ እርሱም በምግብ ቤት ተራ መጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ የሰው ሐቅ ያለበት በመሆኑ ችላ የሚባል አይደለም።

በአሜሪካ፣ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸውን ዋሽንግተንንና አካባቢዋን ጨምሮ፣ ሰው የሚበዛባቸው ምግብ ቤቶች ደንበኞቻቸውን በእጅ ስልክ ተራ ያስይዛሉ። ቀደም ሲል በአብዛኛው የእንግዳው ስም በር ላይ በወረቀት ይመዘገብ፣ ወይም ተራው ሲደርስ የምትንቀጠቀጥና የምታበራ ትንሽ መጥሪያ ይሰጠው ነበር። ይህን ሥራ ወደ ስልክ ካዞሩት ድርጅቶች አንዱ እ.ኤ.አ በ2010 በፒትስበርግ ከተማ የተመሠረተው ኖዌይት ነው። በ2017 የልፕ የተባለው ኩባንያ በ40 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። አሠራሩ ቀላል ነው። እንግዳው ከቤቱ ሳይወጣ አፕሊኬሽኑን ይከፍታል፤ ስንት ደቂቃ እንደሚያስጠብቅ ያያል፤ ስሙንና አብረውት የሚመጡትን ሰዎች ቁጥር ያስገባል፤ ጠረጴዛው ሲዘጋጅም መልእክት ይደርሰዋል።

ይህ ዘዴ ለሙስሊም ቤተሰብ ያለው ጥቅም ግልጽ ነው። በረመዳን ወር ሐላል ምግብ ቤቶች በመግሪብ ሰዓት ይጨናነቃሉ። ልጅ የታቀፈች እናት በብርድ በር ላይ ከምትቆም፣ ቤተሰቡ በተምርና በውሃ አፍጥሮ፣ መግሪብን በጀመዓ ሰግዶ፣ ተራው ሲቃረብ ቢሄድ ይሻላል። የሚጠብቀውን ጊዜ ማወቁም ልብን ያረጋጋል። በሐርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ዴቪድ ማይስተር በ1985 ስለ ሰልፍ ሥነ ልቦና ጽፎ ነበር። እንደ እርሱ አባባል ልኩ ያልታወቀ ጥበቃ ልኩ ከታወቀው፣ አድልዎ ያለበት ሰልፍም ፍትሕ ካለበት ይልቅ ረዝሞ ይሰማል። በእርግጥም ሰውን ከመቆሙ ይልቅ የሚያቃጥለው መበደሉ ነው።

ታዲያ በዳዩ ማን ነው? አንዳንድ ወጣቶች በአንድ ምሽት በሦስት ምግብ ቤቶች ተራ ይይዛሉ። ቀድሞ በጠራቸው ይገቡና የሌሎቹን ሳይሰርዙ ይተዋሉ። አንዳንዱ ገና መንገድ ላይ ሳለ «ደርሻለሁ» ይላል። ሌላው ሰፋ ያለ ጠረጴዛ ፈልጎ ሁለት ሆኖ ሳለ «አራት ነን» ብሎ ይመዘገባል። ሲመከሩ «ማሽን ነው፤ ማንን ዋሸን?» ይላሉ። ማሽን አይርበውም፣ አይጾምም። በዝርዝሩ ላይ ከስማችን በታች የተጻፈው ግን ሰው ነው። አስተናጋጁ ለማይመጣ እንግዳ ጠረጴዛ ይዞ ሲጠብቅ ጾመኛው በር ላይ ይዘገያል፤ የምግብ ቤቱም ባለቤት ገቢውን ያጣል። ውሸት በአፍ ቢነገርም በጣት ቢጻፍም ያው ውሸት ነው።

ቡኻሪና ሙስሊም ከሰህል ኢብኑ ሰዕድ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ ለነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) መጠጥ ቀርቦላቸው ጠጡ። በቀኛቸው አንድ ልጅ፣ በግራቸው ታላላቅ ሰዎች ነበሩ። ተራው በቀኝ ያለው በመሆኑ ታላላቆቹን ለማስቀደም ልጁን ፈቃድ ጠየቁት። ልጁም ከእርሳቸው የሚደርሰውን ድርሻ ለማንም እንደማይለቅ ተናገረ፤ እርሳቸውም ለእርሱ ሰጡት። ከፍጡራን ሁሉ በላጩ የአንድን ልጅ ተራ ያለ ፈቃዱ ካልወሰዱ፣ እኛ የማናውቀውን ሰው ተራ በምን መብት እንወስዳለን?

በሌላ በኩል ሰውን ያለ አግባብ መጠርጠርም አለ። ከኋላችን የመጣ ሰው ቀድሞን ሲገባ «ለዘመዱ አደላ» ብለን አስተናጋጁን የምንቆጣ አለን። ነገር ግን የለቀቀው ጠረጴዛ ለሁለት ሰው ከሆነ፣ ስድስት ሆነው የመጡት ቤተሰቦች ቀድመው ቢመዘገቡም ሊቀመጡበት አይችሉም። ስለዚህ ሁለት ሆነው የመጡት ይጠራሉ። ይህ የጠረጴዛ ልክ እንጂ አድልዎ አይደለም። ሱረቱል ሑጁራት ከመጥፎ ጥርጣሬ አስጠንቅቃናለችና ከመቆጣታችን በፊት እንጠይቅ።

ሌላው ልናስብበት የሚገባው የአዛውንቶቻችን ጉዳይ ነው። በስልኩ መጠቀም የማይችሉ፣ የአገሩን ቋንቋ የማያነቡ እናትና አባት በር ላይ ደርሰው ሳለ ከቤታቸው የተመዘገቡ ሰዎች ይቀድሟቸዋል። አስተናጋጁ በአካል የመጡትንም በዚያው ዝርዝር ሊያስገባ ይችላልና ወጣቶች ቀረብ ብለው ያስመዝግቧቸው። ተራውን ሊለቅላቸው የወደደ ካለ ቦታ ይለዋወጥ። እርሳቸው በእርሱ ቦታ ሲገቡ እርሱ በእርሳቸው ቦታ ይጠብቅ። ከራስ ላይ መስጠት ኢሣር ነው፤ መሐል ላይ ባሉት ሰዎች ድርሻ መቸር ግን ቸርነት አይባልም።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችን በመድረሳ ስለ አማና ይማራሉ፤ ትርጉሙን የሚያዩት ግን በእኛ እጅ ነው። ስለዚህ ከመመዝገባችን በፊት ሰዎቻችንን በትክክል እንቁጠር፤ በአንድ ቦታ ብቻ ተራ እንያዝ፤ ሐሳባችን ከተለወጠ ወዲያውኑ እንሰርዝ። መልእክቱ በሶላት ሰዓት ቢመጣ ሶላታችንን እናስቀድም። ያለፈ ተራ ዳግም ይያዛል፤ የመግሪብ ወቅት ግን አጭር ነው። ይህን ልማድ ያደረገ ልጅ አዲስ አበባ ላይ በታክሲ ሰልፍም ሆነ በባንክ ቤት ወረፋ የሰው ሐቅ አይነካም።

በጁምዓ ዕለት መላእክት በመስጊድ በር ሆነው የሚመጡትን ሰዎች በየቅደም ተከተላቸው እንደሚመዘግቡ በሐዲስ ተነግሮናል። በዚያ መዝገብ ማጭበርበር የለም። በምድር ባለው መዝገብም እውነተኞች እንድንሆን አላህ (ሱ.ወ) ይርዳን። ወላሁ አዕለም።