ማን ከማን ኮረጀ?

መስከረም በጠባ ቁጥር የማይቀር ክርክር አለ። «ይሄ በዓል ከእኛ የተወሰደ ነው»፣ «አበባውም የእኛ፣ ሳሩም የእኛ» የሚል። ለሻሸመኔ ልጅ ነገሩ ግራ ያጋባል። እኛ ከተማ መስከረምን በዝምታ የሚያሳልፍ ሰፈር ከየት ይገኛል?

እስቲ እንቁጠራቸው። መስከረም 1 እንቁጣጣሽ ነው። የወላይታ ጊፋታ፣ የሀዲያ ያሆዴ፣ የከምባታ መሳላ፣ የጉራጌ መስቀል ይከተላሉ። ኢሬቻን የሚያከብረው ኦሮሞ ደግሞ እርጥብ ሳርና አደይ አበባ ይዞ ለምስጋና ውሃ ዳር ይወርዳል። ይህ ሁሉ በአንድ ወር!

ታዲያ ማን ከማን ኮረጀ? በእኔ እምነት ማንም። እምነቱና ታሪኩ ለየቅል ነው፤ ክረምቱ ግን የጋራ ነው። ወንዝ ሞልቶ ዘመድ ከዘመድ ይለያያል፣ ጎተራም ይሳሳል። መስከረም ሲገባ ውሃው ይጎድላል፣ መንገድ ይከፈታል፣ ከብቱ ይወፍራል። ያኔ ደስ የማይለው ገበሬ የየት አገር ሰው ነው? ኢራኖችም አዲስ ዓመታቸውን፣ ኖውሩዝን፣ የሚያከብሩት ብርዱ አልፎ ፀደይ ሲገባ ነው። መቼም ከእኛ ኮረጁ አንልም።

ሌላው ምክንያት በሬው ነው። ማቀዝቀዣ በሌለበት ዘመን አንድ ቤተሰብ ብቻውን በሬ አይጨርስም። ስለዚህ ወላይታና ሀዲያ ውስጥ ወንዶቹ በቡድን ሆነው ዓመቱን ሙሉ ለበሬ ይቆጥባሉ፣ ሴቶቹ ቅቤ ያጠራቅማሉ። ሌላው ቅርጫ ይገባል። ስሙ ይለያያል እንጂ ሂሳቡ አንድ ነው።

ከዝናብ ጋር የማይገናኝ በዓልም አለን። የከተማችን ራስተፈሪያን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ልደት ሐምሌ 16፣ በክረምቱ እምብርት፣ ያከብራሉ። እነሱም ግን ያለ ከበሮና ያለ ጎረቤት አያከብሩም።

«ሁሉም አንድ ነው» እያልኩ አይደለም። ጊፋታ ጊፋታ ነው፣ ኢሬቻም ኢሬቻ። የሚያሳስበኝ «ሰረቁን» የሚለው ወሬ ነው። በሰኔ 2012 መጨረሻ፣ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ ሻሸመኔ ውስጥ ቤትና ሱቅ ሲቃጠል አይተናል። ሰው የጎረቤቱን ቤት ከማቃጠሉ በፊት ጎረቤቱን ባዕድ ያደርገዋል። የበዓል ባለቤትነት ሙግት ለዚያ ጥሩ መለማመጃ ነው።

ስለዚህ ለሚመጣው መስከረም አንድ ሐሳብ አለኝ። «የማን ነው?» የሚለውን ትተን የጎረቤታችንን በር እናንኳኳና «እናንተ እንዴት ነው የምታከብሩት?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ ከነቅቤው ይቀርባል።