ስለ ጓሮ ቲማቲምና ስለ ቤተ ሰብ ጤንነት

ንጽሕና ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሳሙናንና ውሃን፥ የተጠረገ ግቢንና የታጠበ ልብስን ነው። ይህ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጥሬውን የሚበላ ምግብ በምን ዐይነት አፈር እንደ በቀለና ምን ውሃ እንደ ጠጣ መጠየቅም የንጽሕና ክፍል ነው። ወጥ በእሳት ይበስላል፤ እሳቱም ተሐዋስያንን ይገድላል። በጾም ቀን ከቃሪያና ከሽንኩርት ጋር ተከትፎ የሚቀርበው ቲማቲም ግን እሳት አያየውም።

ለገበያ ከሚቀርበው ቲማቲም ብዙው ከመቂና ከዝዋይ አካባቢ በእንጨት ሣጥን ተጭኖ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ ከማዕድ እስኪደርስ ድረስ በብዙ እጅ ያልፋል። በአዲስ አበባም በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዞች ዳር፥ የከተማው ፍሳሽ በሚቀላቀልበት ውሃ አትክልት ሲለማ መኖሩ የታወቀ ነው። ገዢው ፍሬውን ያያል እንጂ ፍሬው የጠጣውን ውሃ ሊያይ አይችልም። አንዳንዶች «በሎሚ ወይም በሆምጣጤ ካጠብነው ምን ያስፈራል?» ይላሉ። በንጹሕ ውሃ አጥርቶ ማጠብ እጅግ ይጠቅማል፤ ዳሩ ግን የወስፋት ዕንቁላል ሎሚና ሆምጣጤ በቀላሉ የማይገድሉት፥ በአፈር ውስጥም ለዓመታት ሊቈይ የሚችል ብርቱ ጠላት ነው።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት፥ ጥቂት መሬት ያለው ቤተ ሰብ ሁሉ ጥሬውን የሚበላውን ቲማቲም በገዛ ጓሮው ሊያበቅል ይገባዋል። ለዚህም ቼሪ ቲማቲም የሚባለው፥ ፍሬው ከአውራ ጣት ጫፍ ብዙም የማይበልጠው ዐይነት ተስማሚ ነው። ቶሎ ይደርሳል፤ ቆዳው ለስላሳ ስለ ሆነ ለማጠብ አያስቸግርም፤ መሬት የሌለውም ሰው ከታች በተበሳ ባልዲ ሊተክለው ይችላል። ዘሩም ነባር ቢሆን ይመረጣል። ድቅል ዘር በሚቀጥለው ዓመት ቢዘራ ወላጁን አይመስልም፤ ነባሩ ግን ፍሬው እንደ ወላጁ ይወጣል። የበሰለውን ፍሬ ጨምቆ፥ ዘሩን ከነፈሳሹ 2 ወይም 3 ቀን አቈይቶ፥ አጥቦ በጥላ ማድረቅ ብቻ ይበቃል። በደረቅ ስፍራ የተቀመጠ ዘር ለ4 ዓመት ያህል ሳይበላሽ ይቈያል።

ሆኖም የጓሮ ቲማቲም ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በመጸዳጃ ጒድጓድ አጠገብ ተተክሎ የዕቃና የልብስ እጣቢ የሚጠጣ ተክል ከገበያው የከፋ ነው። ልጆች ደግሞ ትንሹን ፍሬ ከተክሉ ቀጥፈው ሳያጥቡ ወደ አፋቸው ይሰዱታል። እናት የማታየውን ይህን ጒርሻ ሊጠብቅ የሚችለው የአፈሩና የውሃው ንጽሕና ነው።

ስለዚህ ተካዩ የሚከተለውን ያስብ። ቦታው ከመጸዳጃ ቤት የራቀና ቢያንስ ለ6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። ያልበሰበሰ የከብት ፍግ የሚጨመረው ከለቀማው ቢያንስ 4 ወር አስቀድሞ ነው፤ የሰው ዐይነ ምድር ግን ከቶ አይጨመር። የክረምቱ ዝናብ ቅጠሉን እያረጠበ ምች ስለሚያመጣበት፥ ችግኙ ዝናቡ ካባራ በኋላ በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተከል። ፍሬው ከመሬት እንዳይነካ ግንዱ በእንጨት ይደገፍ፤ ንጹሕ ውሃ ከሥሩ ይጠጣ፤ ዶሮ እንዳይገባበትም ይታጠር። ከ5 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ሙሉው ፍሬ ጒሮሮ ሊዘጋ ስለሚችል ለ4 ተቈርጦ ይሰጣቸው።

ቲማቲም የያዘው ቪታሚን ሲ በጤፍና በምስር ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት አብልጦ እንዲቀበል ይረዳል። እንግዲህ ከእንጀራችን አጠገብ የሚቀርበው ይህ ፍሬ ጤና እንጂ ደዌ እንዳያመጣ መጠበቅ የአባወራውም የእመቤቲቱም ተግባር ነው። ዘሩ የተረፈው ቤተ ሰብ ለጐረቤቱ ሲያካፍል፥ የአተካከሉን ንጽሕና አብሮ ያስተምር።