ደሴ የአንድ ሌሊት ማደሪያ ብቻ አይደለችም

ከአዲስ አበባ ማለዳ የተነሳ አውቶቡስ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትንና ከሚሴን አቋርጦ ኮምቦልቻ ሲገባ ቀኑ ወደ ማታ አዘንብሏል። የሐረጎ ዳገት ገና ይቀራል። ደሴ ሲደርስ መንገደኛው ዝሎ ነው የሚወርደው፤ የውጭ አገር ጎብኚ ከሆነ ደግሞ ልቡ ላሊበላ ላይ ነው። አልጋ ይይዛል፣ ትኩስ ነገር ይቀምሳል፣ ይተኛል፤ ጎሕ ሲቀድ ወደ ወልድያ ይነሳል። ብዙው ጎብኚ ይህችን አንድ ሌሊት እንኳ አያድርም። ከአዲስ አበባ ላሊበላ በአውሮፕላን ስለሚሄድ ደቡብ ወሎን የሚያየው፣ ካየው፣ በመስኮት ነው።

በአስጎብኚዎች ዘንድ የሰሜኑ መስመር ሲባል ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አክሱምና ላሊበላ ማለት ነው። በእነዚህ ከተሞች ክብር ማንም አይቀናም። ነገር ግን ከቤቱ የሚወጣ ሰው ሁሉ ሐውልት ለማየት ብቻ አይወጣም። የማያውቀው አገር ጸጥ ያለ ከተማ ገብቶ፣ ሁለት ሦስት ቀን ያለ ችኮላ ሰንብቶ፣ ሰው እንዴት እንደሚውልና እንደሚያመሽ አይቶ መመለስ የሚሻ መንገደኛ በየአገሩ አለ። ለዚህ ዓይነቱ እንግዳ ከደሴና ከኮምቦልቻ፣ ከእነሱም አለፍ ብላ ካለችው ከሐይቅ ከተማ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። የሚታየው ሞልቷል። እንግዳውን "እደር፣ ሰንብት" የሚል አሠራር ግን የለም፤ ይህም ከተሞቹንም ጎብኚውንም ጎድቷል።

በዚህ ምድር የውጭ መንገደኛ አዲስ አይደለም። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 ምጽዋ ላይ ወርዶ ስድስት ዓመት ያህል በአገሪቱ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1540 ሊዝበን ላይ በታተመው መጽሐፉ ስለ ሐይቅና በውኃው መካከል ስለነበረው የእስጢፋኖስ ገዳም ጽፏል። ነገሥታቱ ዘመዶቻቸውን በግዞት ያኖሩበት ወደነበረው አምባ ተጠግተው መንገድ በሳቱ ጊዜ የድንጋይ ውርጅብኝ እንደወረደባቸውም ይተርካል። ያን ሁሉ ሊያይ የቻለው በበቅሎ እያዘገመ፣ በየመንደሩ እያደረ ስለሄደ ነው። ሚስዮናዊው ዮሐን ክራፕፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1842 ከሸዋ ወደ ሰሜን ሲያልፍ አዳራ ቢሌ በተባለው የወሎ ባላባት እጅ ወድቆ ንብረቱን ተዘርፏል። ወሎ እንግዳ ተቀባይ ነው ሲባል እውነት ነው፤ መንገዱ ሁልጊዜ ሰላም ነበር ማለት ግን አይደለም። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያንን ወረራ ለመዘገብ ደሴ የገቡት የውጭ ጋዜጠኞች፣ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤቭሊን ዋ ጭምር፣ የመጡት ከተማዋ የጦር ማዘዣ በሆነችበት ወቅት ነበር። ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ሆስፒታሉ እንኳ አልተረፈም።

ለመሆኑ በደሴ ሁለት ቀን የሚሰነብት ሰው ምን ያያል?

በመጀመሪያ ከተማዋ ራሷን ያያል። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ሥር ተጠግታ የተቀመጠች ናት። ከፒያሳ ተነስቶ ወደ ሙጋድ፣ ከዚያም ወደ ሸዋ በር በእግሩ የሚዘልቅ ሰው ዳገቱ ቢያደክመውም የከተማዋን አሰፋፈር ይረዳዋል። ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚህ ሰፍረው መድኃኔ ዓለምን እንዳስተከሉ ይነገራል። የከተማነት ክብሯን ያገኘችው ግን በንጉሥ ሚካኤል ዘመን ነው። በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተብለው የነገሡት፣ በጥቅምት 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ የተሸነፉት እኒህ ሰው መናገሻቸው ደሴ ነበረች። ታላቁ ግብር ማብያቸው አይጠየፍ አዳራሽ ዛሬም ቆሟል። ከአዳራሹ ደጃፍ ሆኖ ታሪኩን ከነልጅ ኢያሱ፣ ከነሰገሌ የሚተርክ የሠለጠነ አስጎብኚ ቢኖር አንድ ረፋድ አይበቃም። ብዙ ጊዜ ግን እንግዳው ግድግዳውን አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ ነው የሚመለሰው።

የደሴ ሙዚየም ነገር ልብ ይሰብራል። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ በነበረው ቤት ውስጥ የወሎ ታሪክ ተሰብስቦ ይኖር ነበር። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ስትገባ፣ እስከ ኅዳር 27 ቀን በነበረው ጊዜ ውስጥ ሙዚየሙ ተዘረፈ፤ የደሴ ሆስፒታልና የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችም እንዲሁ። ፋብሪካ ማሽን ገዝቶ ይነሳል። የተዘረፈ ቅርስ ግን በገንዘብ አይተካም። ስለዚህ የተረፈውን መመዝገብ፣ የጠፋውን በፎቶግራፍና በጽሑፍ ማሳየት፣ ዝርፊያውንም ራሱን የታሪኩ አካል አድርጎ መንገር ያስፈልጋል። ጎብኚ ባዶ መደርደሪያ ቢያይ በከተማዋ አያፍርም፤ የሆነው ሳይነገረው ቢቀር ግን ይታዘባል።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ የአየሩ ልዩነት ግን የሁለት አገር ያህል ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ በሚኒባስ የወረደ ሰው ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብሏል። ደሴ ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ኮምቦልቻ ሲወርድ በሸሚዝ ይቀራል። ቦርከና ከላይ ከደሴ ተነስቶ በዚችው ከተማ በኩል ወደ አዋሽ ይጓዛል። ኮምቦልቻ የሥራ ከተማ ናት፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አሉ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀውን የባቡር መስመር የሠራው ያፒ መርከዚ የተባለ የቱርክ ኩባንያ ነበርና ከተማዋ የውጭ ሰው ለምዳለች። አውሮፕላን ማረፊያም አላት። ይህ ሁሉ እያለ ከኮምቦልቻ ተነስቶ ምን ማየት እንደሚቻል የሚናገር አንዲት ወረቀት ከአውሮፕላን የወረደ እንግዳ እጅ አይገባም።

የወሎ ትልቁ ሀብት ግን ቲኬት የማይቆረጥለት ነው። ረፋድ ላይ ጎረቤት ለቡና ይጠራራል። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ከሰሉ ላይ የተጣለው እጣን ይትጎለጎላል። አንድ አዛውንት እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ፤ ቤቱ በሙሉ "አሚን" ይላል፤ ከአሚን ባዮቹ አንዷ አንገቷ ላይ ማተብ አስራለች። እንግዳ ብቅ ካለ ከየት እንደመጣ ሳይጠየቅ ዱካ ይሳብለታል፣ ሲኒው "ጀባ" ተብሎ ይሰጠዋል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ይቀጥላል፤ በረካውን ሳይጠጣ የሚነሳ ሰው ቅር ያሰኛል። ሌላ ቦታ ለጎብኚ ተብሎ በሆቴል አዳራሽ የሚዘጋጀው ትርኢት እዚህ የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው። አንድ ቀን ብቻ ያደረ መንገደኛ ይህን አያገኝም፤ በሁለተኛው ቀን ግን የሚያውቀው ሰው ይኖረዋል።

ይህ አብሮ መኖር በብሮሹር እንደሚጻፈው ከሰማይ የወረደ አይደለም። ከደሴ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚገኘው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. በተደረገው ጉባኤ ማግስት የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ተገድዷል፤ ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው በፊት መሐመድ አሊ ነበሩ። የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አህመድ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና በጻፉት መጽሐፍ የሼሆቹን ማዕከሎችና የዚያን ዘመን ፈተና በዝርዝር አሳይተዋል። እንዲያ ያለ ዘመን አሳልፎ አንዱ የሌላውን በዓል የሚያደምቅ፣ በጋብቻ የተሳሰረ ሕዝብ መገኘቱ ነው የሚያስገርመው። አስጎብኚ ይህን ሳይሸፋፍን ቢናገር እንግዳው ወሎን የበለጠ ያከብራል።

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐይቅ ናት። ጸጥታ ለሚፈልግ መንገደኛ ከሁሉም የምትመረጠው እሷ ናት። የእስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት በነበረ፣ አሁን ከየብስ ጋር በተያያዘ ምድር ላይ አለ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ትምህርቱን ያስፋፉበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ገዳም ነው። በኢየሱስ ሞዓ ስም የሚታወቀው የዚያ ዘመን ወንጌል እስካሁን ተጠብቆ ቆይቷል። ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴቶች አይገቡም፤ ይህ እንግዳዋ እደጁ ደርሳ ሳይሆን ገና ደሴ ሳለች ሊነገራት የሚገባ ነገር ነው። የማይገባውም ሰው ቢሆን ሐይቁ ዳር ተቀምጦ የተጠበሰ ዓሣ እየበላ ግማሽ ቀን ቢያሳልፍ የሚቆጨው የለም። ከዚያ ወዲያ የአምባሰል ሰንሰለት ይታያል፤ በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመበት ይስማ ንጉሥም በዚያው በአምባሰል ነው።

በሌላ አቅጣጫ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባቲ ይገባል። ሰኞ ገበያዋ ነው። አፋሩ ከቆላ ግመሉን እየነዳ ይወጣል፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉንና ከብቱን ይዞ ይወርዳል። ባቲ፣ አምባሰል፣ ትዝታ፣ አንቺ ሆዬ የሚባሉት አራቱ ቅኝቶች ከዚሁ ከወሎ ምድር ጋር ተያይዘው ይጠራሉ፤ ሙዚቃ የሚወድ እንግዳ የሁለቱን ቅኝቶች ስም የያዙ ቦታዎች በሁለት ቀን ውስጥ ማየት ይችላል።

እዚህ ላይ የሰላሙ ነገር ይነሳል፤ መነሳትም አለበት። ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ የአማራ ክልል ሳያገግም ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆበት ነበር፤ የውጭ መንግሥታትም ዜጎቻቸውን አትሂዱ ብለዋል። መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚጎዱት ባጃጅ ነጂው፣ ቡና አፍዪዋና የአልጋ ቤት ሠራተኛዋ ናቸው። ሰላም እስኪሰፍን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ግን ሌላ ጥፋት ነው። እንግዳ የሚመለስበት ቀን ሲመጣ አዳራሹ ተጠግኖ፣ ሙዚየሙ ተደራጅቶ፣ አስጎብኚው ሠልጥኖ መገኘት አለበት፤ ይህ ደግሞ የወራት ሳይሆን የዓመታት ሥራ ነው።

ሥራው ሲሠራ ከሌላው መማር ይጠቅማል። በሰሜን ወሎ መቄት ወረዳ፣ ተስፋ በተባለው መርሐ ግብር ገበሬዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው ማረፊያዎች ተሠርተው፣ ከመንደር መንደር በእግር የሚጓዙ የውጭ እንግዶች ሲስተናገዱባቸው ቆይተዋል። ሩቅ ሳይኬድ እዚያው ወሎ ውስጥ የተሞከረ ነው። በሰሜን ጣሊያን ፍሪዩሊ እ.ኤ.አ. በ1976 የመሬት መንቀጥቀጥ ያፈረሳቸው የተራራ መንደሮች ከተጠገኑ በኋላ ሰው አጥተው ሲቀሩ፣ የተበታተኑትን ቤቶች እንደ አንድ ሆቴል ክፍሎች እያከራዩ እንግዳን ከነዋሪው መሐል የማሳደር ሐሳብ መጣ። ጦርነት ያደቀቃት ደሴም አዲስ ፎቅ ከመጠበቅ ይልቅ ባለው ቤት መጀመር ትችላለች።

ማስጠንቀቂያም አለ። ኦስትሪያ ውስጥ ሐይቅ ዳር የተቀመጠችው ሃልሽታት ነዋሪዋ አንድ ሺህ አይሞላም፤ ውበቷ በዓለም ሲወራ ሕዝብ ጎርፎባት እ.ኤ.አ. በ2023 ነዋሪዎቿ "ይብቃን" ብለው ሰልፍ ወጥተዋል። የሐይቅ ገዳምና የሐይቅ ከተማ እንዲህ ያለ መጨናነቅ አይችሉም፤ አያስፈልጋቸውምም። ከመቶ ችኩል ይልቅ ሦስት ሌሊት የሚያድሩ አሥር እንግዶች ለከተማው ይበጃሉ።

መታረም ያለበት ልማድም አለ። ለነዋሪው አንድ ዋጋ፣ ለፈረንጁ እጥፍ መጥራት ይቅር። በየመንገዱ "ፈረንጅ! ፈረንጅ!" እያለ የሚከተለውን ልጅ ወላጅና መምህር ይምከሩት። ሳይጠራ የሚለጠፍ አስጎብኚ በመታወቂያ በሚሠራ ይተካ። የደሴና የኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደሮች በጋራ አንድ የመረጃ ቢሮ ቢከፍቱ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች በእረፍታቸው አስጎብኚ ሆነው ቢሠለጥኑ፣ የአይጠየፍና የሙዚየሙ የመክፈቻ ሰዓት በር ላይ ቢለጠፍ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

የአገር ልጅም በዚህ ነገር ተወቃሽ ነው። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም የሚወጣው ምዕመን፣ ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ የሚሄደው፣ ለገና ላሊበላ የሚገሰግሰው፣ ብዙው በደሴ ያልፋል። የውጭውን እንግዳ ከመጠበቅ በፊት እነዚህ መንገደኞች አንድ ሌሊት ጨምረው ቢያድሩ የከተማው ገበያ ይለወጣል። ዘንድሮ ወደ ሰሜን የሚያስብ አንባቢ የመንገዱን ደኅንነት አስቀድሞ ይጠይቅ፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ ግን ቅዳሜን ለሐይቅ፣ እሑድን ለደሴ ይስጥ። ባቲንም ማየት ከፈለገ ገበያው ማለዳ ስለሚደምቅ እሑድ ማታ ኮምቦልቻ ወርዶ ማደር ይሻለዋል።