ድንች በባልዲ፦ መቼና እንዴት እንትከል?

በዛሬው የጓሮ ዓምዳችን መሬት ሳይኖረን በቤታችን ድንች ስለምንተክልበት መንገድ እንነጋገራለን። በጎንደር ገጠር ያረሰ ሰው የድንች አተካከል አይጠፋውም። እዚህ አሽቀሎን ግን ሁለት ነገሮች ተለውጠዋል፤ ወቅቱና አፈሩ።

በአገር ቤት ገበሬው የሰኔን ዝናብ ይጠብቃል። እዚህ በሰኔ ዝናብ የለም፤ የሚዘንበው በብርዱ ወራት ነው። ድንች ደግሞ ኃይለኛ ሙቀት አይወድም። አፈሩ 30 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ቅጠሉ ቢለመልምም ከሥር አይቋጥርም። ስለዚህ የመትከያ ጊዜያችሁ ቱ ቢሽቫት ሰሞን፣ ማለት ጥር ወይም የካቲት መጀመሪያ ይሁን። ያን ጊዜ የተተከለ ለሻቩዖት አካባቢ ይደርሳል። የአዳር ወር በማይደገምበት ዓመት በሁለቱ በዓላት መካከል 110 ቀን ያህል አለና።

ወደ አፈሩ እንምጣ። አፍሪዳር በ1950ዎቹ መጀመሪያ የደቡብ አፍሪካ አይሁድ በባሕሩ አጠገብ ያቋቋሙት ሰፈር ነው። የባሕር ዳር አሸዋ ውኃ አይዝም፤ ለተክልም ብዙ ምግብ የለውም። ስለዚህ ግቢ ያለው ሰው እንኳ በባልዲ ቢተክል ይሻለዋል። አሠራሩም እንዲህ ነው፦

1. 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ አዘጋጁ። ቀለም ወይም መድኃኒት የነበረበት አይሁን። ውኃ እንዳይቋት ከታች አራት አምስት ቦታ ብሱት።

2. የዘር ድንችና የመትከያ አፈር ከሚሽታላ ግዙ። ከሱቅ የሚገዛ የምግብ ድንች እንዳያቆጠቁጥ መድኃኒት የተደረገበት ሊሆን ይችላል።

3. 15 ሳንቲሜትር ያህል አፈር ጨምሩ። አንድ የጎነቆለ ድንች ዓይኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡና 10 ሳንቲሜትር አልብሱት።

4. ቡቃያው አንድ ስንዝር ሲሆን ጫፉን ብቻ አስቀርታችሁ አፈር አስታቅፉት። ባልዲው እስኪሞላ ይህን ደጋግሙ።

5. አፈሩን በጣት እየነካችሁ ሲደርቅ አጠጡ። በሚያዝያ ሻራቭ ሲነሳ ባልዲውን ከቀትር ፀሐይ አስጠልሉት።

ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲደርቅ ባልዲውን ገልብጡና ልቀሙ።

ሁለት ነገር እንዳትዘነጉ። አፈርና ውኃ የሞላው ባልዲ ከባድ ስለሆነ በረንዳው ወለል ላይ እንጂ መደገፊያው ላይ አይቀመጥ፤ ወድቆ ሰው ይጎዳል። ሁለተኛው፣ ፀሐይ አግኝቶት የአረንጓዴነት መልክ ያመጣ ድንች መርዝነት ስላለው አትብሉት። መቀቀልም መርዙን አያጠፋውም። ቅጠሉና ቲማቲም የሚመስለው ፍሬውም እንዲሁ መርዝ ናቸውና ልጆች እንዳይቀምሱ ጠብቁ።

እርግጥ ነው፣ ከአንድ ባልዲ የሚገኘው ድንች ከአንድ ሁለት ወጥ አያልፍም፤ ከሱቅ መግዛትንም አያስቀርም። ታዲያ ለምን እንድከም? በየቤታችን ዕድሜ ልካቸውን ያረሱ አባቶችና እናቶች አሉ። ዛሬ ለደብዳቤው፣ ለባንኩ፣ ለሐኪሙ ልጃቸውን «ምን አለ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ልጁም ሳያስበው፣ አባቴ ምንም አያውቅም ማለት ይጀምራል። ባልዲው ዘንድ ግን ጠያቂው ልጁ ነው። መቼ እንደሚታቀፍ፣ መቼ እንደሚለቀም የሚያውቁት አባት ናቸው። ልጁ «ታፑአህ አዳማ» ማለት «የምድር ፖም» ማለት መሆኑን ያስተምራቸው፤ እሳቸውም አፈር ማስታቀፍን ያስተምሩት።

መልካም ምርት ይሁንላችሁ!